የሰዓቱን ፊት አትንኩት

የአባቴ የእጅ ሰዓት ከእድሳት ሲመለስ ከፋብሪካ የወጣ መሰለ። ይህን ሳይ ነው ክፍት ያለኝ። ያዘዝኩት ማሽኑ ተፈትቶ እንዲታጠብና ዘይት እንዲቀየርለት ብቻ ነበር። ሰዓት ሠሪው ግን "ፊቱንም አሳመርኩልህ" አለኝ። ተጨማሪ ገንዘብ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ደግ ሥራ የሠራ መስሎታል።

ሰዓቱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ የስዊስ ክሮኖግራፍ ነው። ክሮኖግራፍ የሚባለው ሰዓት ከመንገር አልፎ፣ በጎኑ ባሉት ቁልፎች እየተነሳና እየቆመ ሴኮንድና ደቂቃ የሚለካ ነው፤ ለዚህም ፊቱ ላይ ትንንሽ ክቦች አሉት። የአባቴ ሰዓት ግርጌ ላይ "ስዊስ" ከሚለው ቃል ግራና ቀኝ "ቲ" የምትል ደቃቅ የላቲን ፊደል ነበረች። በጨለማ የሚያበራው ቀለም ትሪቲየም እንዳለበት ምልክት ናት። አሁን የለችም። ቁጥሮቹም ወፍረዋል። አባቴ ዕድሜ ልኩን ያየው የነበረው ፊት፣ ከነወየበው ቀለሙ፣ ተፍቆ ሄዷል።

ይህ የስሜት ነገር ብቻ አይደለም። በአሮጌ ክሮኖግራፍ ገበያ ዋጋውን የሚወስነው በአብዛኛው ፊቱ ነው። እኔ ለምኖርበት ክሊንተንቪል ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። ተዋናዩ ፖል ኒውማን የኦሃዮ ልጅ ነው፤ ከኮሎምበስ ብዙም በማይርቀው ኬንየን ኮሌጅ በ1949 ተመርቋል። ባለቤቱ ጆአን ውድዋርድ የሰጠችው ሮሌክስ ዴይቶና በኦክቶበር 2017 ኒውዮርክ ላይ በፊሊፕስ ጨረታ 17,752,500 ዶላር አወጣ። ይህን ያህል ያስጠራው የሰውየው ስም ነው። ነገር ግን እሱ ያላሰረው፣ ያንኑ ዓይነት ፊት የያዘ ሰዓትም ከተራው ዴይቶና በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱ ምንድን ነው? በትንንሾቹ ክቦች ውስጥ ያሉት መስመሮች ጫፋቸው ላይ አራት ማዕዘን ምልክት አላቸው፤ የዳሩ ቀለበት ቀለምም ከመሃሉ ይለያል። ውስጡ ያለው ማሽን አንድ ነው። በጊዜው ብዙ ገዢ ያላገኘው ፊት ነው ዛሬ እንደ ብርቅ የሚታደነው።

የእኛንም ታሪክ የተሸከሙ ሰዓቶች አሉ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ ፓቴክ ፊሊፕ፣ ክሮኖግራፍ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ ያለው፣ በኖቬምበር 2017 ጄኔቭ ላይ በክሪስቲስ ሊሸጥ ተዘጋጅቶ የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሳበት ከጨረታው ወጥቷል። ሰዓት ማስረጃ ነው። ማስረጃ ደግሞ አይቀባም።

ይህን ሁሉ በቴክኖሎጂ ብሎግ ላይ የማነሳው ያንኑ የሰዓት ሠሪውን ስህተት በስማርት ሰዓቶቻችን ላይ እየደገምነው ስለሆነ ነው። የግዕዝ አኃዝ ያላቸውን የሰዓት ፊቶች አውርጄ ሞክሬአለሁ። ብዙዎቹ የፈረንጁን ፊት ወስደው ፊደል የቀቡ ናቸው። እንደ ሰብሳቢ ዓይን ሦስት ነገር ይታየኛል።

አንደኛ፣ አቀማመጡ። በእኛና በፈረንጁ አቆጣጠር መካከል ያለው 6 ሰዓት በክቡ ላይ ልክ ግማሽ ዙር ነው። ስለዚህ ቆጣሪዎቹን ሳይነኩ ቁጥሮቹን ማዞር ይበቃል፦ ፮ ከላይ፣ ፲፪ ከታች። አባቴ ሰዓቱን በፈረንጁ ሞልቶ ትይዩውን ቁጥር ያነብ ነበር፤ 9 ላይ ሲያርፍ "ሦስት ሰዓት" ይላል። ይህ ፊት እሱ በጭንቅላቱ የሚያደርገውን ይጽፋል። "ዓይናችን ፲፪ን ከላይ ለምዷል" የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው። ግን ሰዓቱን ራሱን በ6 የሚያዛባ አፕ ቀጠሮውንና ማንቂያውን አብሮ ሊያዛባ ይችላል። እኔ ቁጥሩ ይዙር ባይ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ዜሮ። ዩኒኮድ በ1999 ግዕዝን ሲያስገባ 20 የአኃዝ ምልክቶች ያዘ፤ ዜሮ ከመካከላቸው የለም፣ ኖሮንም አያውቅም። ስለዚህ "00:00" የሚል ስቶፕዎች በግዕዝ አይጻፍም። በግዕዝ አኃዞች መካከል የላቲን 0 የሚሰነቅር ፊት ሰብሳቢ ቢያየው ወዲያው "ይሄ ተቀብቷል" ይላል። ክብ ፊት ግን ዜሮ አያስፈልገውም። የሴኮንዱ ቀለበት ፭፣ ፲፣ ፲፭ እያለ እስከ ፷ ይሄዳል፤ የ30 ደቂቃው ክብ ፲፣ ፳፣ ፴ ብቻ ይበቃዋል። ክሮኖግራፍ ለግዕዝ አኃዝ የተሠራ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ ትንንሾቹ ክቦች። ለዳያስፖራ አንዱን ለአዲስ አበባ ስጡት። ኮሎምበስ ሰዓቱን በዓመት ሁለቴ ይቀይራል፤ ኢትዮጵያ አትቀይርም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከእዚህኛው ቁጥር በሰመር በ1፣ በዊንተር በ2 ይበልጣል። እዚህ ከሰዓት በኋላ በፈረንጁ 3 ሲል እዚያ በሰመር ከምሽቱ 4፣ በዊንተር 5 ነው። ይህን ዓመቱን ሙሉ እያሰሉ እናትን ከእንቅልፍ ከመቀስቀስ አንዲት ክብ ትሻላለች።

ለአፕ ሠሪዎች አንድ ልመና ልጨምር። ፊቱን ስታሻሽሉ አሮጌውን አታጥፉት፤ ማን እንደሠራውና መቼ እንደወጣ ጽፋችሁ አስቀምጡት። አንድ ሰው የለመደውን ፊት ሳይጠይቁ በአፕዴት መቀየር "አሳመርኩልህ" ከማለት አይለይም።

አሮጌ ሰዓት ያላችሁም፣ ለእድሳት ከመስጠታችሁ በፊት ፊቱን አቅርባችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ደረሰኙ ላይም "ፊቱ አይነካ" ብላችሁ አስጽፉ። እኔ አላነሳሁም። የአባቴ ሰዓት ፊት ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ የሚመሰክረው የእኔ ትዝታ ብቻ ነው።