ዘግይቶ የሚያም ዳሌ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለወላጆች



አራስ ልጃችሁን ለምርመራ ስትወስዱ ሐኪሙ በጀርባው አስተኝቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ጭኖቹን ግራና ቀኝ ሲከፍት አይታችሁ ይሆናል። ጣሊያናዊው የሕፃናት ሐኪም ማሪኖ ኦርቶላኒ እ.ኤ.አ. በ1937 የገለጸው ምርመራ ነው። ልጁ ካላለቀሰ ብዙ ወላጅ «እሰይ፣ ደህና ነው» ብሎ ይወጣል። ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ይኸው ለቅሶን መለኪያ ማድረግ ነው። ዳሌው በትክክል ያልገጠመ ሕፃን አያመውም። ሐኪሙም በእጁ የሚፈልገው ሕመምን ሳይሆን አጥንቱ ከቦታው ወጥቶ ሲመለስ የሚሰማውን እንቅስቃሴ ነው። ሕመሙ የሚመጣው በጉርምስና፣ ወይም በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ነው፤ ያኔ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ሲፈለግ ጊዜ ያልፋል።

የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ ክብ ነው፤ የሚያርፈውም ዳሌ አጥንት ላይ ባለ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። አራስ ላይ ሁለቱም በአብዛኛው ካርቲሌጅ (ልም አጥንት) ናቸው፤ ካርቲሌጅ ደግሞ የሕመም ነርቭ የለውም። ጎድጓዳው ጥልቀት የሚያገኘው ክቡ ራስ መሀሉ ላይ ተቀምጦ አብሮት ሲያድግ ነው። ራሱ ወደ ጠርዝ ከሸሸ ጎድጓዳው ዝርግ ሆኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ ልጁ ገና አልቆመም፣ ክብደት አልተሸከመም፤ ምን ያሳምመው?

ጀበናን አስቡ። ማቶቱ ልክ ከሆነ ክቡ ቂጥ ዙሪያውን ይደገፋል። አንድ ጎኑ ካጠረ ግን ጀበናው ወደዚያ ያዘነብላል፣ ክብደቱም ሁሉ በዚያች ጠርዝ ላይ ይወድቃል። ጎድጓዳው ዝርግ ሆኖ የቀረበት፣ ዲስፕላዥያ አለበት የሚባለው ዳሌ የሚያጥረው በአብዛኛው ከፊትና ከውጭ ጎኑ ነው። በእግር ስንሄድ ደግሞ ዳሌ የሚሸከመው ኃይል ከሰውነታችን ክብደት ከእጥፍ በላይ ነው። ያ ሁሉ በጠባብ ጠርዝ ላይ፣ በየእርምጃው፣ ለዓመታት ያርፋል።

በዚያ ጠርዝ ዙሪያ ላብረም የሚባል ጠንካራ ቀለበት አለ። እሱ ነርቭ አለው። አጥንቱ ያላሟላውን ድጋፍ ለመሙላት ሲጫን ይወፍራል፣ በመጨረሻም ይቀደዳል። ብሽሽት ውስጥ የሚወጋው ሕመም፣ ረጅም ተቀምጦ ሲነሱ የሚይዘው፣ አንዳንዴም ቀጭ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው። የት እንደሚያማት የተጠየቀች ልጅ በጣቷ አንድ ነጥብ ከማሳየት ይልቅ ዳሌዋን ከጎን በአውራ ጣቷና በቀሩት ጣቶቿ መሀል ጭብጥ ታደርጋለች፤ ሕመሙ ጥልቅ ስለሆነ ነው። በዳሌ ጎን ያሉት ጡንቻዎችም ያልተረጋጋውን መገጣጠሚያ ቀኑን ሙሉ ሲይዙ ስለሚውሉ ወደ ማታ ይዝላሉ፣ ያማሉ፤ ማንከስም ይመጣል። ካርቲሌጁ ግን ድምፅ ሳያሰማ ያልቃል። ነርቭ ያለው አጥንት ሲጋለጥ ነገሩ ወደ አንጓ ብግነት ደርሷል።

ጉልበቴን አመመኝ የሚል ልጅ ዳሌውም ይታይ። ዳሌንና ጉልበትን የሚጋራ ነርቭ ስላለ የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል። «ሲያድግ ነው፣ ይተወዋል» የሚለው ማጽናኛ እዚህ ላይ አይሠራም። በእንቅስቃሴ የሚብስ የብሽሽት ሕመም የእድገት ሕመም አይደለም።

ስዊድናዊው ጉናር ቪበርግ እ.ኤ.አ. በ1939 ጎድጓዳው ክቡን ራስ ምን ያህል እንደሚሸፍነው በራጅ ላይ በማዕዘን የሚለካበትን መንገድ አሳየ፤ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ደህና፣ ከ20 በታች ዲስፕላዥያ ይባላል። በመካከሉ ያለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ቁጥሩን ብቻ አላምንም። ከፊት የተነሳ ራጅ የፊተኛውን ጎን ጉድለት በደንብ አያሳይም፤ ማዕዘኗ «ደህና» የተባለ ልጅም ሊያማት ይችላል።

በጊዜ ከተያዘ ፈውሱ ቀላል ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የፓቭሊክ ማሰሪያ ጭኖቹን አጥፎና ከፍቶ ይይዛል፤ ጎድጓዳውም ራሱን ያስተካክላል። ዕድገቷን ለጨረሰች ልጅ፣ ራይንሆልድ ጋንዝ እ.ኤ.አ. በ1984 በስዊዘርላንድ በርን የጀመረው ቀዶ ሕክምና አለ፤ ጎድጓዳው ዙሪያውን ተቆርጦ ይዞርና ራሱን በተሻለ ይሸፍናል። ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ካርቲሌጁ ሳያልቅ ቢደረግ ነው የሚጠቅመው።

አያቶቻችሁ ሲያዝሉ የሕፃኑ ጭኖች ጀርባቸውን አቅፈው ይከፈቱ ነበር፤ አንቀልባ ለዳሌ መልካም አቀማመጥ ይሰጣል። እግር ቀጥ እንዲል ብሎ አጥብቆ መጠቅለል ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህንኑ ልማድ ለመለወጥ ባደረገችው ዘመቻ የተዛነፈ ዳሌ ይዘው የሚገኙ ሕፃናት ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ውጭ አገር ያላችሁም ሕፃኑን ስትጠቀልሉ እጁን እንጂ እግሩን አትሰሩ። ማዘል ብቻውን ግን ምርመራን አይተካም፤ በመቀመጫዋ የመጣች ሴት ልጅ፣ ወይም ቤተሰቧ ውስጥ የዳሌ ችግር ያለ፣ ከስድስት ሳምንቷ ገደማ በኋላ አልትራሳውንድ ትነሳ። ራጅ በዚያ ዕድሜ ብዙ አይረዳም፣ ክቡ ራስ ገና አጥንት አልሆነምና።

ልጃችሁ አድጋ ብሽሽቷን የምታማርር ከሆነ፣ በምን አቀማመጥ እንደተወለደችና ዘመድ ላይ የታየውን ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ንገሩት። የዳሌ ራጅ ቆማ ትነሳ፤ ማዕዘኑም ተለክቶ ወረቀቱ ላይ ይጻፍላችሁ።