እንግሊዝኛን ከስልካችን፦ ልጆቻችን አስተርጓሚ እንዳይሆኑ

እንደምታውቁት እኔ የምግብ ቤት ሰው እንጂ መምህር አይደለሁም። ኮሌጅም ጀምሬ ነው የተውኩት። ዛሬ ግን ስለ ትምህርት የማወራበት ምክንያት አለኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት ደንበኛችን ቡና እየጠጣች የደረሰባትን አጫወተችኝ። ስሟን አልጠራም፤ እዚሁ ጀፕ መጋረጃና ብርድ ልብስ የምትሸጥ እናት ናት። አሟት ክሊኒክ ሄደች። እንግሊዝኛዋ ዋጋ ከመጥራት ስለማያልፍ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ይዛት ሄደች። ነርሷ ትጠይቃለች፣ ልጅቷ ለእናቷ በአማርኛ ትነግራለች፣ መልሱንም ይዛ ትመለሳለች። «ጋሼ፣ ለባሌ እንኳን አፍሬ ያልነገርኩትን ሕመም ልጄ ሰማችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ ‹እማዬ፣ ትሞቻለሽ እንዴ?› ትለኛለች» አለችኝ።

እኔስ ብሆን ከእሷ መች እሻላለሁ? ከዓመታት በፊት የኪራይ ውል መጥቶልኝ ለልጄ ሰጠሁት። አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። «ምን ይላል?» ስለው «ደህና ነው አባዬ» አለኝ። ፈረምኩ። ኪራዩ በየዓመቱ እንደሚጨምር የገባኝ ዓመቱ ሞልቶ ሲጠይቁኝ ነው። ልጁን ተቆጣሁት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ውል ማንበብ የእሱ ሥራ አልነበረም። በ2024 መጨረሻ ስፓዛ ሱቆች በየማዘጋጃ ቤታቸው እንዲመዘገቡ በታዘዘ ጊዜም፣ ፎርም ይዘው እኔ ቤት ከተቀመጡት የብዙዎቹ አስተርጓሚ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ነበር።

«ሰዓት የለኝም» እንላለን፤ እውነት ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ነን። ስልኩ ግን ከእጃችን አይወርድም። እስቲ በዚያው ስልክ በነጻ ምን እንደሚገኝ ልንገራችሁ።

ከሀ ሁ ለሚጀምር

የአሜሪካ ድምፅ ያዘጋጀው «ሌትስ ለርን ኢንግሊሽ» የሚባል የቪዲዮ ትምህርት አለ። የመጀመሪያው ደረጃ 52 ትምህርቶች አሉት። አና የምትባል ወጣት ዋሽንግተን ገብታ ቤት ስትይዝ፣ ሰው ስትተዋወቅ፣ ሥራ ስትጀምር እያሳየ ያስተምራል። ለስደተኛ ሰው የሚገባ ነገር ነው። ስሙን ዩትዩብ ላይ ጻፉና ከአንደኛው ጀምሩ። ከፈጠነባችሁ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ፍጥነቱን 0.75 አድርጉት።

ትምህርት ቤት ተምሮ አፉ ለማይፈታ

አገር ቤት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። ሰዋስው ጠይቁን፣ እንመልሳለን። ሰው ሲያናግረን ግን ዝም! እንዲህ ላለው ሰው የቢቢሲ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ጥሩ ነው። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ጉዳይ ስድስት ደቂቃ ያህል ይነጋገራሉ፣ ቃላቱንም ያብራራሉ። የተናገሩት ሁሉ በጽሑፍ ስላለ መጀመሪያ ሳታነቡ ስሙ፣ ቀጥሎ እያነበባችሁ ስሙ፣ ከዚያ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተከትላችሁ በሉ። የብሪቲሽ ካውንስል «ለርን ኢንግሊሽ» ደግሞ በየደረጃው የተከፈለ ንባብና መልመጃ አለው፤ ደብዳቤና ፎርም ለሚያስቸግረው ሰው እሱን እመክራለሁ።

አነጋገሩን ለማረም

ይቺን ልጄ ነው ያሳየኝ። የስልኩን ኪቦርድ እንግሊዝኛ አድርጉና የማይክሮፎኗን ምልክት ነክታችሁ ተናገሩ። ስልኩ የሰማውን ይጽፋል። 15 ራንድ ብላችሁ 50 ከጻፈ፣ ደንበኛውም እንደዚያው ሊሰማችሁ ይችላል ማለት ነው! «ፊፍቲን» ስትሉ ኃይሉን መጨረሻው ላይ፣ «ፊፍቲ» ስትሉ መጀመሪያው ላይ አድርጉት። ሱቅ ውስጥ በዚህ ብቻ ስንት ጭቅጭቅ አይቻለሁ።

ጉግል ትራንስሌትን በልኩ

ጉግል ትራንስሌት ከ2016 ጀምሮ አማርኛ ያውቃል። ካሜራውን ደብዳቤ ላይ ብትደግኑ፣ የመጣው ስለ መብራት ይሁን ስለ ኪራይ ለማወቅ ይበቃል። ለፊርማና ለመድኃኒት መጠን ግን አትመኑት፤ አንዲት «አይደለም» ከዘለለ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። በስደተኛ ወረቀት ቃለ መጠይቅ፣ በፖሊስና በሐኪም ፊት ቋንቋውን በደንብ የሚያውቅ አዋቂ ሰው ይፈለግ። አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለውም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የለንደኑም የዋሽንግተኑም መምህር የዚህን አገር እንግሊዝኛ አያስተምራችሁም። እዚህ የትራፊክ መብራት «ሮቦት» ነው፤ ፒክአፕ «ባኪ» ነው። ሰው «ጀስት ናው» ካለ ቆይቶ ይመጣል ማለት ስለሆነ በር ላይ ቆማችሁ አትጠብቁት። «ሌይ ባይ» ሲላችሁ፣ ዕቃውን አስቀምጡልኝ፣ ቀስ እያልኩ ከፍዬ እወስዳለሁ ማለቱ ነው። መንገዳችን እንኳን እኛ ጀፕ እንላለን፣ ታፔላው ራሂማ ሙሳ ይላል፤ አድራሻ ስትሞሉ አዲሱን ስም ልመዱ። ይህን የሚያስተምራችሁ ደንበኛው ነው፤ ያልገባችሁን ጠይቁት።

እንዴት ይሁን ካላችሁ፣ ከነዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ ምረጡ። ሁሉንም የሚከፍት ሰው አንዱንም አይጨርስም። ዳታ ውድ ስለሆነ ዋይፋይ ስታገኙ አውርዳችሁ ያዙ። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት፣ ድምፅ አውጥታችሁ። ሊጥ በአንድ ቀን አይቦካም፤ ቋንቋም እንደዚያው ነው። ማታ ደግሞ ነገ የምትፈልጓቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ፦ ባንክ የምትሉትን፣ የልጃችሁን አስተማሪ የምትጠይቁትን፣ ሐኪም ዘንድ የምትናገሩትን። ልጆቻችሁ ያርሟችሁ፣ ይሳቁባችሁም፤ ለእነሱ ጨዋታ ነው። ገመናችንንና ዕዳችንን ግን አናሸክማቸው።

ያቺ እናት አናን ይዛ ሃያኛው ትምህርት ላይ ደርሳለች። ባለፈው ሳምንት ራሷ ክሊኒክ ደውላ ቀጠሮ ያዘች። ሐሙስ ተብላ ማክሰኞ ሄዳ ተመለሰች፤ «ቱዝደይ»ና «ተርስደይ» ተምታተውባት ነው። ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። ሐሙስ ዕለት እንደገና ሄደች፣ ብቻዋን። ልጅቷ ትምህርት ቤት ነበረች።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ሰላም ሁኑልኝ።