ሽማግሌ ያፋታው ትዳር

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ትዳር ሲፈርስ ፍርድ ቤት የሚደርሰው እምብዛም ነበር። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለው ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ ስለ ትዳሩ ከመናገሩ በፊት ስለ ወረቀቱ ይጠየቃላ! ስለዚህ ነገሩ ዓርብ ከሰዓት፣ ከሱቅ ሲታ ገበያ ጀርባ ባለ ግቢ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ያልቅ ነበር።

ፍሪጁ ለእሷ፣ ራክሻው (ባጃጁ) ለእሱ፤ አንዱ ሽማግሌ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። እሷ ሻይ ሸጣ በላከችው ገንዘብ አዲስ አበባ በወንድሙ ስም የተገዛው ኮንዶሚኒየም ሲነሳ ግን ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ «እሱን አገር ቤት ስትገቡ ትነጋገሩበታላችሁ፣ ልጄ»።

ሽምግልናን አልጠላም። የትኛው ጠበቃ ነው የራክሻው ዕዳ በማን ዕቁብ እንደተከፈለ የሚያውቀው? ሱዳኖችም ቢሆኑ በሱረቱ ኒሳእ 35ኛ አንቀጽ መሠረት ከእሱ ዘመድ አንድ፣ ከእሷ ዘመድ አንድ ያስቀምጣሉ፤ በ1991 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሙስሊሞች የቤተሰብ ሕጋቸውም ይህንኑ ይዟል። ልዩነቱ፣ በሕጉ እነዚያን ሽማግሌዎች የሚልካቸው ዳኛ ነው፤ ተመልሰው የሚነግሩትም ለዳኛ።

የእኛም ሕግ ወደዚያው ሄዷል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ራሳቸው ያፋቱ ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ማስታረቁን ትቶላቸው ማፋታቱን ለፍርድ ቤት ሰጠ። የሐጅ ዩሱፍ ሽማግሌዎች ግን እስከ ጦርነቱ ድረስ በ1952 ነበሩ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ውጊያው ሲፈነዳ በመተማ በኩል ከገቡት መካከል በደብተር ቅጠል «የተፋታች» ሴት ብትኖር፣ በሕግ ዓይን በመርህ ደረጃ ገና ባለትዳር ናት። ይህ ሁሌ ጉዳት አይደለም፤ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የወንድም ስም ግን ከዚህ ግምት ውጭ ነው፤ ማስረጃ ይፈልጋል።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ሽማግሌው ያከፋፍል፤ ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ይጽደቅ። በስምምነት ለሚፈታ ትዳር የጠበቃ ክርክር አያስፈልግም። ለጠበቃ የሚከፈል ገንዘብ ካለ ለኮንዶሚኒየሙ ይቆይ። እስከዚያው ሐዋላው የሄደበትን የስልክ መልእክት አታጥፉ፤ አገር ቤት ገንዘቡን ማን እንደተቀበለም ስሙን ጽፋችሁ ያዙ።