የሕመም ፈቃድ ማስረጃና የበሽታው ስም፦ አሠሪ ምን ያህል ማወቅ ይገባዋል?

ከደባርቅ፣ ከዳባት ወይም ከጃናሞራ ለተሻለ ሕክምና ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተልኮ የሚመለስ ሠራተኛ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያቀርበው የሕክምና ማስረጃ ከዕረፍት ቀናቱ በተጨማሪ የበሽታውን ስም ይዞ ሊገኝ ይችላል። ማስረጃው ከቅርብ ኃላፊ ወደ ሰው ሀብት፣ ከዚያም ወደ መዝገብ ቤት ያልፋል። በአነስተኛ ከተማ እነዚህ ሰዎች ከታካሚው ጋር ጎረቤት፣ አንዳንዴም የአንድ ዕድር አባል ናቸው።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ባልመጣ ሕመም መሥራት ካልቻለ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ለዚህም መንግሥት ካወቀው የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል። አዋጁ ማስረጃ ይጠይቃል እንጂ የበሽታው ስም እንዲገለጽ አያዝዝም። አሠሪው ደመወዝ ለማስላትም ሆነ ተተኪ ለመመደብ የሚያስፈልገው ሠራተኛው መሥራት መቻል አለመቻሉንና የዕረፍቱን ርዝመት ማወቅ ነው።

ሕጉ ጠንከር ብሎ የተናገረው ስለ ኤች አይ ቪ ነው። አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ ተቀጣሪዎችንና አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ሲደነግግ የኤች አይ ቪ ምርመራን ለይቶ አስቀርቷል፤ በዚሁ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግንም ከልክሏል። የሳንባ ነቀርሳ፣ የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም ግን በስም አልተጠቀሱም፤ መገለል የሚያስከትሉት ግን እነዚህም ናቸው። በተለመደው አሠራር የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። በሽታው እንዳይታወቅበት የሚሰጋ ሠራተኛ ማስረጃውን ደብቆ ከሥራ ይቀራል፤ ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ደግሞ ለስንብት ይዳርጋል። ወይም ሥራውን ላለማጣት ሲል ክትትሉን ያቋርጣል፤ ይህም ከእሱ አልፎ የሥራ ባልደረቦቹን ጤና ይነካል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ደግሞ ሐኪሞችንና ነርሶችን ጨምሮ በሙያቸው ያወቁትን ምስጢር የሚያወጡ ሰዎች አቤቱታ ሲቀርብባቸው እንዲቀጡ ይደነግጋል። ይሁንና ማስረጃው ከሐኪሙ ጠረጴዛ ወጥቶ በመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሕክምና ሙያ ምስጢር ብቻውን በቂ ከለላ አይሆንም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አዋጁ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች የመደበ ሲሆን፣ መረጃ ለተወሰነና ግልጽ ዓላማ እንዲሰበሰብ ያዝዛል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ወይም ከሥራ የመጣ በሽታ ግን የተለየ ነው። የካሣ ክፍያ በጉዳቱ መንስኤና መጠን ላይ ስለሚመሠረት የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ለአሠሪው መድረሱ አይቀርም። ተላላፊ በሽታ ሲሆንም በጤና ተቋሙ በኩል ሪፖርት የሚደረገው ለጤናው መዋቅር እንጂ ለሥራ ኃላፊው አይደለም።

በመሆኑም ታካሚው የዕረፍት ቀናቱንና የመሥራት ብቃቱን ብቻ የሚገልጽ ማስረጃ እንዲጻፍለት ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ማስረጃውንም በታሸገ ፖስታ ለሰው ሀብት ክፍል ማስረከብ ይችላል። አሠሪው የበሽታውን ስም ከጠየቀ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ማሳሰብ ተገቢ ነው። በዚህ ሰበብ ፈቃድ የተከለከለ ወይም ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ጽሑፉን ይዞ በአካባቢው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚከታተለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል።