ቀይና አረንጓዴን የምትለየው ሣጥን

በዛሬው ዝግጅታችን የማጫውታችሁ ከራሴ ዘመድ ቤት የሆነውን ነገር ነው። ጉዳዩ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ሽቦ ቢሆንም መነሻው አንድ አባት ናቸው።

የእህቴ ባለቤት የአትክልት ሱቅ አላቸው። ሚዛናቸው የታመነ፣ አንደበታቸው የለዘበ ሰው ናቸው። ይሁንና ብስሉን ቲማቲም ከጥሬው በቀለሙ መለየት አይችሉም፤ በእጃቸው ዳብሰው ካልሆነ በስተቀር ቀዩም አረንጓዴውም ለእርሳቸው አንድ ነው። ይህንንም ለዓመታት ከባለቤታቸው በቀር ለማንም ሳይናገሩ ኖሩ። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ «ብስል ብዬ ስጠይቅዎ ጥሬ ደባልቀው ሰጡኝ!» ብላ በሰው ፊት ከረጢቱን መለሰችላቸው። ገንዘቡን ሳይከራከሩ መለሱ፤ ያን ምሽት ግን እራት ሳይበሉ ተኙ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው እናቷን ጠይቃ ምስጢሩን የተረዳችው ያኔ ነው።

ይህ ነገር የሚያሳፍር አይደለም። እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ጆን ዳልተን እንኳ የገዛ ዓይኑ ቀለም እንደማይለይ በ1794 እ.ኤ.አ. በምሁራን ፊት አስረድቷል። ቀይና አረንጓዴን አለመለየት አብዛኛውን ጊዜ ከእናት በሚወረስ ኤክስ ክሮሞሶም አማካይነት ስለሚተላለፍ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል። ከሰሜን አውሮፓ ተወላጆች ለምሳሌ ከ12 ወንዶች አንዱ ያህል ይህ ችግር አለበት።

ልጅቷ በትምህርት ቤቷ ክበብ አርዱይኖ የሚባለውን ቦርድ ተምራለች። ይህ ቦርድ በ2005 እ.ኤ.አ. ኢቭሪያ በተባለች የጣሊያን ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ የተሠራ ነው። በላዩ ያለው ማይክሮኮንትሮለር መብራት ያበራል፣ ሞተር ያዞራል፣ ድምፅ ያሰማል። ምስል መመርመር ግን ከአቅሙ በላይ ነው። የተለመደው አርዱይኖ ኡኖ ለሥራ የሚጠቀምበት ማኅደር 2 ኪሎባይት ብቻ ሲሆን፣ 640 በ480 ነጥብ የሆነ አንድ ባለቀለም ምስል 900 ኪሎባይት ይይዛል። ስለዚህ ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ ኮምፒውተሩ በዌብካም ያያል፣ ቦርዱ ይናገራል። መልእክቱን የሚያደርሰው የዩኤስቢ ገመድ ነው። መልእክቱ በገመዱ ላይ ቢት በቢት እየተከታተለ ስለሚሄድ ሲሪያል ግንኙነት ይባላል።

ኮምፒውተሩ ቀለምን እንዴት ይለያል? ልጅቷ በፓይተን ቋንቋ እየጻፈች ኦፕን ሲቪ በተባለው ነፃ የፕሮግራም ስብስብ ተጠቀመች። ካሜራው እያንዳንዱን ነጥብ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን ይመዘግባል። ጥላ ሲያርፍበት ግን ሦስቱም ቁጥሮች ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ምስሉ ኤችኤስቪ ወደሚባለው አቆጣጠር ይቀየራል፤ በዚህም የቀለሙ ዓይነት፣ የቀለሙ ጥራትና የብርሃኑ መጠን ለየብቻ ይቀመጣሉ። በኦፕን ሲቪ የቀለም ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 179 ይቆጠራል። አረንጓዴ 60 አካባቢ ነው፤ ቀይ ግን በሁለቱም ጫፍ ይገኛል፣ ከ0 እስከ 10 እና ከ170 እስከ 179 ባለው ውስጥ። ልጅቷ በመጀመሪያ አንደኛውን ጫፍ ብቻ ይዛ ስለነበር ብዙ ብስል ቲማቲም ሳይታይ አልፎባታል።

ሥራዋ ሲያልቅ ቀለሟን የምትለዋውጥ አንዲት ትንሽ መብራት በቦርዱ ላይ ተከለች፤ ለብስል ቀይ፣ ለጥሬ አረንጓዴ። በደስታ አባቷን ጠርታ «አባዬ፣ እስኪ ይመልከቱ!» አለቻቸው። እርሳቸውም ሣጥኗን አገላብጠው አይተው ፈገግ አሉና «ልጄ፣ አሁን የበራው የትኛው ቀለም ነው?» ሲሉ ጠየቋት። ልጅቷ መልስ አልነበራትም። ያን ሁሉ ቀን የለፋችው ለአባቷ ቢሆንም፣ የሠራችው ለራሷ ዓይን ነበር። በማግሥቱ መብራቷን ነቅላ በምትኩ ድምፅ ሰጪ አደረገች፤ አንድ ጩኸት ብስል፣ ሁለት ጩኸት ጥሬ።

ሁለተኛው ችግር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቲማቲሙ ከተነሣም በኋላ ሣጥኗ መጮኋን አላቆመችም፤ ጥሬው ሲቀመጥም የቀድሞውን ብስል ትናገራለች። እርሷ ገመዱን ጠረጠረች፤ ገመዱ ግን ጥፋት አልነበረበትም። በሰከንድ 9600 ቢት በሚያስተላልፍ መስመር አንድ ቁጥር 10 ቢት ስለሚፈጅ በሰከንድ 960 ቁጥር ማለፍ ይችላል። ካሜራው በሰከንድ 30 ምስል ሲያነሣ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ምስል አንድ ቁጥር ይልክ ነበር። ቦርዱ ግን ለአንድ ጩኸት ግማሽ ሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ ቲማቲሙ ለ2 ሰከንድ ብቻ ቢቀመጥ 60 ቁጥር ይላካል፣ ቦርዱም ያን ሁሉ ጮኾ ለመጨረስ 30 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ያልተነበቡት ቁጥሮች በቦርዱ መቀበያ ውስጥ ተራ ይጠብቃሉ። ቦርዱ አልዋሸም፤ የሚናገረው ግን ያለፈውን ነበር።

መድኃኒቱ ንግግር መቀነስ ሆነ። ኮምፒውተሩ በተከታታይ 5 ምስሎች ላይ አንድ ዓይነት ውጤት ሲያገኝና ያም ውጤት ከቀድሞው ሲለይ ብቻ አንድ ቁጥር እንዲልክ አደረገች፤ 1 ለብስል፣ 2 ለጥሬ፣ 0 ባዶ ሲሆን። ተመሳሳይ ሥራ ለምትሞክሩ ወጣቶች ሁለት ነገር ላስታውሳችሁ። አንደኛ፣ 1 በጽሑፍ ሲላክ ቦርዱ ዘንድ የሚደርሰው 49 ሆኖ ነው፤ የፊደሉ መለያ ቁጥር ይህ ስለሆነ። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ መስመሩን ሲከፍት የተለመደው አርዱይኖ ኡኖ እንደገና ስለሚነሣ፣ የመጀመሪያውን መልእክት ከመላክ በፊት 2 ሰከንድ ያህል መታገሥ ያስፈልጋል።

የቀረው የብርሃን ጉዳይ ነው። ቀን የተስተካከለው ማታ በአምፖል ሥር ተበላሸ። በ965 እ.ኤ.አ. ገደማ በበስራ የተወለደው ኢብን አል ሀይሠም ኪታብ አል መናዚር በተባለው መጽሐፉ የዓይንን ስሕተቶች በሰፊው መርምሯል። ብርሃኑም ሆነ ርቀቱ ከልክ ሲያልፍ ወይም ሲያንስ ዓይን እንደሚሳሳት አስረድቷል። የካሜራም ነገር እንዲሁ ነው። ልጅቷ በካርቶን ሣጥን ውስጥ ነጭ ወረቀት ለጥፋ፣ የራሱን መብራት አብርታ፣ የውጭውን ብርሃን ከለከለች። ካሜራው ቀለሙንና ብርሃኑን በራሱ እንዳያስተካክልም ዘጋችው።

ዛሬ ሣጥኗ በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ቲማቲሙ መበስበሱን አትናገርም፤ ያን አባት በእጃቸው ይለያሉ። ያቺ ደንበኛ ተመልሳ በመጣች ጊዜ እርሳቸው ራሳቸው «እኅቴ፣ ያን ዕለት ዓይኔ ነው የበደለሽ» ብለው ነገሯት። እርሷም ከሁሉም ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀቻቸው። አባት ያን ያህል ዓመት የደበቁትን በአደባባይ እንዲናገሩ ያደረጋቸው ድምፅ ሰጪው ብቻ አይመስለኝም፤ ልጃቸው ነገሩን አውቃ እንዳላፈረችባቸው ማየታቸው ነው።

ውድ ወጣቶች፣ በየቤታችን ሳይናገር የሚቸገር ሰው አለ። መሣሪያውን ከመሥራታችን በፊት ሰውዬውን እንጠይቅ። የልጅቷ የመጀመሪያዋ መብራት ያስተማረችን ይህንኑ ነው።