ቅዳሴ የማን ነው?

«ሊጡርጊያ» የተባለው የግሪክ ቃል በጥንት ጊዜ ለሕዝብ የሚደረግ አገልግሎት ማለት ነበር። ቅዳሴም ካህኑ ብቻ የሚፈጽመው፣ ሌላው ቆሞ የሚያየው አይደለም። በግእዙ ሥርዓት ካህን፣ ዲያቆንና ሕዝብ እየተቀባበሉ ይጸልያሉ፤ ሕዝቡ ዝም ካለ ቅዳሴው ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ (አቡነ ያዕቆብ) የላቲኑን ሥርዓት በሕዝቡ ላይ ከመጫን ይልቅ ይህንኑ መረጡ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1963 ምእመናን ሁሉ አውቀውና ተረድተው እንዲሳተፉ አሳሰበ።

እዚህ አቮንዴል እስቴትስ አካባቢ ግን ቤተሰብ ለሁለት ይከፈላል፦ በእንግሊዝኛው ቅዳሴ ልጆች ይመልሳሉ፣ ወላጆች ዝም ይላሉ፤ በግእዙ ደግሞ ተገላቢጦሽ። በሳምንት አንዲት መልስ እራት ላይ ብንለዋወጥስ? እነሱ የእንግሊዝኛውን፣ እኛ የግእዙን፤ ከነዜማው፣ ከነትርጉሙ።