ረግረጉም ማሳ ነው፤ ሰብሉም ቄጠማ

የፋሲካ ዋዜማ በሆነችው በቅዳም ሹር ካህናት ለምእመናን ለምለም ቄጠማ ያድላሉ፤ ምእመናኑም በራሳቸው ላይ ያስሩታል። በማግስቱ ቄጠማ ያልተጎዘጎዘበት ቤት ማግኘት ይቸግራል። እንቁጣጣሽም፣ ገናም፣ ሠርግም ያለ ቄጠማ አይደምቅም። ከበዓል ውጭም ቢሆን በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ጀበና ጥደው የሚውሉ ቡና ሻጮች ቄጠማ ጎዝጉዘው ነው ሲኒ የሚደረድሩት።

ይህን ያህል ፈላጊ ያለው ተክል ግን እንደ ሰብል ሲቆጠር አይታይም። ስለ ጤፍ፣ ስለ ሽምብራና ስለ ምስር በየስብሰባው ይመከራል፤ ቄጠማን የሚያነሳ የለም። የሚበቅልበት ረግረግም «ጥቅም የማይሰጥ ቦታ» እየተባለ ወይ ይጠነፈፋል፣ ወይ የግንባታ አፈር ይደፋበታል። ይህ አስተሳሰብ በተለይ በአቃቂ ቃሊቲ ሊታረም ይገባል። ረግረግ ውኃው ሳይወጣ ምርት የሚሰጥ ማሳ ነውና።

አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ ውኃ መውረጃ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። አፈሩ ውኃ ከጠጣ ቶሎ የማይለቅ ጥቁር አፈር በመሆኑ ዝቅ ያለው ሜዳ ክረምቱ ከወጣም በኋላ ውኃ ተኝቶበት ይቆያል። ቄጠማና ፊላ የሚወዱት ይህንኑ ነው። አባ ሳሙኤል ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ሲሆን፣ ለበርካታ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ዳግም ሥራ ጀምሯል፤ አቅሙም 6 ነጥብ 6 ሜጋ ዋት ነው። ደለልና እምቦጭ ግን አልለቀቁትም። ከግድቡ በላይ ያለው ረግረግ ሥር በሰደደ ተክል ሲሸፈን ጎርፉ ይበርዳል፣ ደለሉም እዚያው ይቀራል። ተክሉ ተነቅሎ መሬቱ ሲራቆት ደለሉ በቀጥታ ወደ ግድቡ ይወርዳል።

ሌላው ጉዳይ ብክለት ነው። በአቃቂ ወንዝ ውኃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ አልምተው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ አርሶ አደሮች ጥቂት አይደሉም። ወንዙ የፋብሪካ ፍሳሽና የመኖሪያ ቤት ቆሻሻ ይቀበላል። በዚህ ውኃ በለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። አርሶ አደሩን «አትክልቱን ተው» ማለት ቀላል ነው። «በምትኩ ምን ላምርት?» ብሎ ሲጠይቅ ግን መልስ ሊያገኝ ይገባዋል። ወደ አፍ የማይገባ፣ ውኃ የማይፈራና ገዥ ያለው ተክል ከመልሶቹ አንዱ ነው።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የጣና ዳር ነዋሪ ከደንገል ታንኳ ይሠራል። የኢሉባቦር ገበሬም ከረግረጉ ጨፌ አጭዶ ቤቱን ይከድናል፣ ለበዓልና ለቡና ይጎዘጉዛል፣ የተረፈውን ይሸጣል። በዚያው በኢሉባቦር ቀድሞ በገበሬው ፍላጎት፣ በኋላም በመንግሥት ግፊት፣ ረግረጉ እየተጠነፈፈ በቆሎ ተዘርቶበታል። በቆሎው ጎተራ በሚራቆትበት ወር ስለሚደርስ ጥቅሙ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ውኃ ሲወስድ አሳስቆ እንዲሉ፣ ከዳር እስከ ዳር ተጠንፍፎ ያለ ዕረፍት የታረሰው ረግረግ ውሎ አድሮ ደረቀ፤ ጨፌውም አብሮ ጠፋ። አስተዋዮቹ ገበሬዎች የረግረጉን ራስ ሳይነኩ ይተዋሉ፤ በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላም ቦዩን ደፍነው ውኃው እንዲመለስ ያደርጋሉ። ለአቃቂም የሚበጀው ይኸው ልማድ ነው።

ባደጉት አገሮችም ወደዚሁ እየተመለሱ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ጀርመን በምትገኘው ማልሂን ከተማ ከረግረግ ሜዳ የታጨደ ሣር ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ እየነደደ ቤቶችን ያሞቃል። እርግጥ የእነርሱ ረግረግ ለሺህ ዓመታት በውኃ ውስጥ ተከማችቶ ሳይበሰብስ የቆየ የዕፀዋት ቅሪት ነው። ሲጠነፈፍ አየር ገብቶት ይበሰብሳል፣ መሬቱ ይሰምጣል፣ የከባቢ አየርን የሚያሞቅ ጋዝም ይወጣዋል። የአቃቂ አፈር ግን ጥቁር ሸክላ በመሆኑ የእነርሱ አሠራር እንዳለ አይገለበጥም። የሚወሰደው ትምህርት ውኃውን አስወጥቶ ሰብል ከመፈለግ ይልቅ ውኃውን የሚወድ ሰብል መምረጥ ነው።

ገቢውን በተመለከተ ቀኑን ማስላት ያስፈልጋል። ለእንቁጣጣሽ ሜዳው ሁሉ ለምለም ስለሆነ ቄጠማ በየቦታው ይገኛል፤ ሻጩም ብዙ ነው። ፋሲካ የሚውለው ግን ከረጅሙ በጋ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለምለም ቄጠማ የሚኖረው ውኃ ካልሸሸው ረግረግ ብቻ ነው። ስለዚህ የተሻለ ዋጋ የሚያገኘው ውኃውን እስከ ሚያዝያ ማቆየት የቻለ አርሶ አደር ነው። ለምለሙ ቄጠማ በጠፋበት ወቅት ቦታውን የሚወስደው አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር መሆኑንም ልብ ማለት ይገባል።

አሠራሩም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቦዩን በአፈርና በድንጋይ ደፍኖ ውኃውን ማስተኛት፣ በተራቆተው ቦታ ላይ በክረምት መግቢያ ከሥሩ የተከፈለ ቄጠማ መትከል፣ ከብት እንዳይረግጠው መከለል ዋነኞቹ ሥራዎች ናቸው። አጨዳው በማጭድ፣ ከሥሩ ሳይነቀል፣ በየተራ ይሁን። ረግረጉ በክፍል ተከፍሎ አንዱ በየዓመቱ ሳይታጨድ ቢቀር ተክሉ ያገግማል፤ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው ወደ አባ ሳሙኤል ለሚመጡ ወፎችም መጠለያ ይሆናል።

«ቄጠማ አይበላም» የሚል ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። ትክክል ነው፤ ጤፍ የሚያበቅለውን መሬት ቄጠማ ይውሰደው የሚልም የለም። እዚህ የተነሳው ጤፍ የማይወደው፣ ውኃ የሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። «እምቦጭን መጋበዝ ነው» የሚል ሥጋትም አለ። እምቦጭ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ መጤ አረም ነው፤ ቄጠማ ግን ሥሩን በጭቃው ተክሎ የሚኖር ነባር ተክል ነው። ከሁሉ ክብደት የሚሰጠው ጥያቄ የብክለቱ ነው። በተበከለ ውኃ የበቀለ ቄጠማ ለከብት መኖ ሊሰጥ አይገባም። ለቤት ጉዝጓዝ የሚሸጠው ሻል ያለ ውኃ ካለበት ቦታ ሊታጨድ፣ ቆሻሻው የበዛበት ቦታ ደግሞ ለምንጣፍና ለጣሪያ ክዳን ለሚሆነው ፊላ ሊተው ይገባል። ቄጠማው ውኃውን በመጠኑ ያጣራል ተብሎም ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ሳያክሙ እንዲለቁ ሰበብ ሊሆን አይገባም።

ከዚህ በኋላ ያለው የአመራሩ ድርሻ ነው። የክፍለ ከተማውና የወረዳዎቹ ኃላፊዎች በመጀመሪያ ረግረጉን ለክተው «ባዶ ቦታ» ከሚለው መዝገብ አውጥተው በእርሻ መሬትነት ሊመዘግቡት፣ አፈር መድፋትንም ሊከለክሉ ይገባል። ሁለተኛው የማጨድ መብትን ለአካባቢው አርሶ አደሮችና ሥራ ለሌላቸው ወጣቶች በማኅበር አደራጅቶ መስጠት ነው። ባለቤት የሌለውን ረግረግ ሁሉም ያጭዳል፣ ማንም አይጠብቅም። ሦስተኛው ውኃውና አፈሩ በየጊዜው እንዲመረመርና ውጤቱ ለአርሶ አደሩ በግልጽ እንዲነገር ማድረግ ነው። በየእሑድ ገበያው ለቄጠማ አምራቾች አንድ መደብ መስጠት ደግሞ ለማንም የሚከብድ አይደለም።

የግብርና ባለሙያዎችም ስለ ጥቁር አፈር ሲያስተምሩ የሚያተኩሩት ውኃን በማጠንፈፍ ላይ ነው። ለጤፍና ለስንዴ ማሳ ይህ ትክክለኛ ምክር ነው። ዝቅ ላለው ረግረግ ግን ምክሩ የተለየ መሆን አለበት። በመጪው ፋሲካ የአቃቂ አርሶ አደር ቄጠማውን አጭዶ ለገበያ እንዲያቀርብ፣ ቦዮቹ ክረምቱ ከመውጣቱ በፊት ሊደፈኑ ይገባል።